የሚታየው ሰዓትና የማይታየው አቈጣጠር፤ ስለ ሰዓት ቤተ መዘክሮች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በአማርኛ «ሰዓት» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ከቀንና ከሌሊት ተከፍሎ የሚቈጠረው የጊዜ ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ይህንኑ ክፍል እየቈጠረ የሚያሳየው መሣሪያ ነው። በዕለት ንግግር ይህ መደራረብ ማንንም አያሳስትም። «ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ሰው ስለ ጊዜው፥ «ሰዓቴ ቆመ» የሚል ሰው ደግሞ ስለ መሣሪያው እንደሚናገር ሰሚው ወዲያው ይረዳዋል። የሕዝቦችን ልማድ ለሚመረምር ሰው ግን ሁለቱን ለይቶ ማየት ግዴታ ነው። መሣሪያው በመርከብም በግመልም ተጭኖ ከአገር ወደ አገር ይሻገራል፤ ቀኑ ከየት ይጀምራል፥ ስንት ላይ ይከፈላል፥ ክፍሉስ ዓመቱን ሁሉ እኩል ነው ወይ የሚለው ጉዳይ ግን የሕዝቡ ነው። መሣሪያው ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜም ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል፤ ወይ መሣሪያው ለልማዱ ይታዘዛል፥ ወይ ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ፥ ወይም ልማዱ ለመሣሪያው ይሸነፋል።

ሦስቱንም ሁኔታዎች በአንድ ቦታ ለመመልከት ከሚያመቹት ስፍራዎች አንዱ በሎንዶን ከተማ የሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። በላይኛው ፎቅ 38ኛና 39ኛ ቍጥር የተሰጣቸው ክፍሎች ለሰዓቶች የተመደቡ ናቸው። ስብስቡ ታላቅ ሊሆን የበቃው በተለይ በ1958 የኢልበርት ስብስብ በተጨመረበት ጊዜ ነው፤ ይህ ሰው በሕይወቱ ዘመን የአውሮፓን ብቻ ሳይሆን የጃፓንንም ሰዓቶች ሲያከማች የኖረ ነበር። ከዚያው ከተማ ሳይወጡ የሎንዶን ሰዓት ሠሪዎች ማኅበር ጥንታዊ ስብስብ ከ2015 ወዲህ በሳይንስ ሙዚየም፥ የመርከብ ሰዓቶች ታሪክ ደግሞ በግሪኒች በሚገኘው የከዋክብት መመልከቻ ይጐበኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመሣሪያው እድገት

ጐብኚው ክፍሎቹን ሲዞር በመጀመሪያ የሚያገኘው የመሣሪያውን እድገት ነው። በጥርሳም መንኰራኵሮች የሚሠራው ሰዓት በምዕራብ አውሮፓ የታየው በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ኀይሉን የሚያገኘው በገመድ ከተንጠለጠለ ክብደት ነው። ክብደቱ ያለ ከልካይ ቢለቀቅ መንኰራኵሮቹን በአንድ ጊዜ አሽከርክሮ መሬት ይደርሳል። ስለዚህ ከላይ አንድ አግዳሚ ዘንግ ተደርጎለታል፤ ዘንጉ ወዲያና ወዲህ በተወዛወዘ ቍጥር አንዱን ጥርስ ይለቅና ተከታዩን ይይዛል። የሰዓት ድምፅ «ቋ፥ ቋ» የሚለው ከዚህ መያዝና መልቀቅ የተነሣ ነው። በአግዳሚው ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ ትንንሽ ክብደቶች ይንጠለጠላሉ፤ ወደ ውጭ ሲገፉ ሰዓቱ ይዘገያል፥ ወደ ውስጥ ሲሳቡ ይፈጥናል። ይህ ትንሽ ነገር ከዚህ በታች ስለ ጃፓን ሰዓቶች በሚነገረው ውስጥ ትልቅ ስፍራ ስላለው በልብ ሊያዝ ይገባል።

እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ይሳሳቱ ስለ ነበር፥ በፀሐይ ጥላ መለኪያ እየታዩ ይታረሙ ነበር። ጌታው ጥላው ነበር፤ ሰዓቱ አገልጋይ ነበር። ብዙዎቹም የደቂቃ ጠቋሚ አልነበራቸውም። የሰዓት ዋጋ ጊዜን በትክክል በመናገሩ ብቻ ይለካ እንዳልነበረም በስብስቡ ውስጥ ያለችው የመርከብ ቅርጽ ሰዓት ታስረዳለች። ይህችን ሰዓት ሃንስ ሽሎትሃይም የተባለው ብልኀተኛ በ1585 ገደማ በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ሠራት። በግብር ጊዜ በማዕዱ ላይ እየተንከባለለች ትሄዳለች፤ ሙዚቃ ታሰማለች፤ መኳንንቱ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይሰለፋሉ፤ በመጨረሻም መድፎቿ ይተኰሳሉ። ሰዓቱን የሚያሳየው ገጽ ከምሰሶው ሥር ያለ አንድ ትንሽ ክብ ነው። የዚህ ዕቃ ዋና ሥራ እንግዳን ማስደነቅና የባለቤቱን ክብር መግለጥ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ በ1656 ፔንዱለምን ከሰዓት ጋራ አዋሐደ። ፔንዱለም ርዝመቱ እስካልተለወጠ ድረስ የውዝዋዜው ጊዜ ስለማይለወጥ፥ የቀኑ ስሕተት ከሩብ ሰዓት ወርዶ ከአንድ ደቂቃ በታች ሆነ፤ የደቂቃ ጠቋሚም በየሰዓቱ ገጽ ላይ የተለመደ ሆነ። በ1690 አካባቢ ቶማስ ቶምፒየን የተባለው የሎንዶን ሠሪ አንድ ጊዜ ተሞልቶ አንድ ዓመት የሚሄድ ሰዓት ለንጉሥ ዊሊያም 3ኛ ሠራ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ጆን ሃሪሰን በባሕር ላይ የማይዛባ ሰዓት በመሥራቱ መርከበኞች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያሉበትን ስፍራ ማወቅ ቻሉ። ከ1831 እስከ 1836 ቻርልስ ዳርዊን የተጓዘባት ቢግል የተባለችው መርከብ 22 የባሕር ሰዓቶች ይዛ እንደ ነበረ ይታወቃል፤ ከእነዚህ አንዱ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

እስከዚህ ድረስ የተመለከተ ጐብኚ አንድ ሐሳብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ይኸውም የሰዓት ታሪክ አንድ መንገድ ብቻ ያለው፥ ከስሕተት ወደ ትክክል የሚሄድ ጉዞ ነው የሚል ነው። የጃፓን ሰዓቶች ባይኖሩ ኖሮ ይህን ሐሳብ የሚያፈርስ ነገር በቀላሉ አይገኝም ነበር።

መሣሪያው ለልማዱ ሲታዘዝ፤ ጃፓን

የአውሮፓ ሰዓት ወደ ጃፓን የገባው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ሚስዮናዊው ፍራንሲስ ዣቪየር በ1551 ለአንድ የአገሩ መስፍን ሰዓት በእጅ መንሻ እንዳቀረበ ተጽፏል። ኋላም ጃፓናውያን አንጥረኞች ሥራውን ከሚስዮናውያን ተማሩ። አገሪቱ በሯን በዘጋችባቸው ከ200 ዓመት በላይ በሆኑ ዘመናትም ሙያውን በራሳቸው ልማድ መሠረት አሳደጉት።

የጃፓን ሕዝብ የቀንና የሌሊት አከፋፈል ከአውሮፓው የተለየ ነበር። ጎሕ ከሚቀድበት አንሥቶ እስኪመሽ ያለው ጊዜ 6 ላይ ይከፈላል፤ ከምሽት እስከ ጎሕ ያለው ደግሞ እንደዚሁ 6 ላይ ይከፈላል። በሰኔ ወር ቀኑ ሲረዝም የቀኑ ክፍል ይረዝማል፥ የሌሊቱ ክፍል ያጥራል፤ በታኅሣሥ ይህ ይገለበጣል። ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ አንዱ የቀን ክፍል በሰኔ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲጠጋ፥ በታኅሣሥ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆን ነበር። ክፍሎቹ በ12 እንስሳት ስም ይጠሩ ነበር፤ እኩለ ሌሊት የአይጥ፥ ቀትር የፈረስ ነው። ሲደወሉ ግን የሚቈጠሩት ወደ ታች ነው፤ በቀትር 9 ጊዜ ይደወላል፥ ቀጥሎ 8፥ 7፥ በምሽት 6፥ ከዚያ 5ና 4፤ በእኩለ ሌሊት እንደገና 9 ይሆናል። ይህም በዚያ አገር ከተከበረው ከ9 ቍጥር ብዜት የመጣ ነው ተብሎ ይተረጐማል፤ 9፥ 18፥ 27፥ 36፥ 45፥ 54 እየተባለ ሲቈጠር የመጨረሻዎቹ አኃዞች 9፥ 8፥ 7፥ 6፥ 5፥ 4 ይሆናሉና።

ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት የሚሄድ መሣሪያ እንዲህ ያለውን አቈጣጠር እንዴት ሊከተል ይችላል? ጃፓናውያን ሠሪዎች በሰዓቱ ላይ ሁለት አግዳሚ ዘንጎች አደረጉ፤ አንዱ ለቀን፥ አንዱ ለሌሊት። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ መሣሪያው በራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። በዘንጎቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ክብደቶች ደግሞ ዓመቱ በሚከፈልባቸው 24 ወቅቶች መሠረት በየ15 ቀኑ ገደማ በሰው እጅ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ሌሎቹ ሠሪዎች ፍጥነቱን ትተው ገጹን ለወጡት፤ ቍጥሮቹ የተጻፉባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች እንደ ወቅቱ የሚቀራረቡና የሚራራቁ ሆኑ። የዚህ ጥበብ የመጨረሻው ደረጃ ታናካ ሂሳሺጌ በ1851 የፈጸመው ባለ 6 ገጽ ሰዓት ነው፤ በእርሱ ላይ ሰሌዳዎቹ ያለ ሰው እጅ ራሳቸው እንደ ወቅቱ ይንቀሳቀሳሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአውሮፓ ፔንዱለም ከተገኘ በኋላ አግዳሚው ዘንግ ጊዜ ያለፈበት ሆኖ ተጣለ። በጃፓን ግን ለ200 ዓመት ያህል ሲሠራበት ቈየ። የፔንዱለም በጎነት አለመለወጡ ነው፤ ለጃፓን ሰዓት ደግሞ የሚያስፈልገው በየጊዜው ሊለወጥ መቻል ነበር። ስለዚህ በአንዱ አገር ኋላ ቀር የተባለው መሣሪያ በሌላው አገር ከሁሉ የተሻለ ነበር። ጥያቄው «የትኛው ሰዓት ይበልጣል?» ሳይሆን «ለየትኛው አቈጣጠር?» የሚል መሆን ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ዐዋጅ አበቃ። የጃፓን መንግሥት በ1872 መጨረሻ ባወጣው ዐዋጅ ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1873 ጀምሮ የአውሮፓው የቀን መቍጠሪያና 24ቱ እኩል ሰዓቶች የአገሩ ሕግ ሆኑ። ሁለት ዘንግ ያላቸው ሰዓቶች በአንድ ሌሊት ሥራ ፈቱ፤ ብዙዎቹም ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች ተሸጡ። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የጃፓን ሰዓት መብዛቱም ከዚህ ዐዋጅ ጋራ የተያያዘ ነው።

ሁለቱ ሲስማሙ፤ የኦቶማን አገር

በዚሁ ስብስብ ውስጥ ከእንግሊዝ የኪስ ሰዓቶች ጋራ የሚመሳሰሉ፥ ነገር ግን በገጻቸው ላይ በኦቶማን ቱርክ አኃዝ የተጻፈባቸው ሰዓቶች አሉ። ክዳናቸው ሲከፈት በውስጣቸው የሎንዶን ሠሪ ስም ይገኛል። ጆርጅ ፕራየርን የመሳሰሉ ሠሪዎች በ18ኛው ምዕተ ዓመት ብዙ ሰዓቶችን ለቱርክ ገበያ ሠርተዋል። ከጄኔቫም የሄዱ ነበሩ፤ የፈላስፋው የዣን ዣክ ሩሶ አባት በቁስጥንጥንያ የቤተ መንግሥቱ ሰዓት ሠሪ ሆኖ ጥቂት ዓመታት አገልግሏል።

በእነዚህ ሰዓቶች ከአኃዙ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። ውስጣቸው ሎንዶን ለራሷ ሰዎች ከምትሠራው አይለይም። ልዩነቱ ያለው በባለቤቱ እጅ ነው። በኦቶማን አገር ዕለት የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሰዓቱ 12 ላይ ይደረጋል፥ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሲያልፍ 1 ይባላል። የፀሐይ መጥለቂያ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ስለሚሸሽ፥ በቁስጥንጥንያም በሰኔና በታኅሣሥ መካከል ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ ልዩነት ስላለ፥ ባለ ሰዓቱ መሣሪያውን ደጋግሞ ማረም ነበረበት። ለዚህም በየታላላቅ መስጊዶቹ አጠገብ ሙቫኪትሃኔ የሚባሉ ቤቶች ነበሩ፤ በውስጣቸው የጸሎትን ጊዜ በስሌት የሚያወጡ ባለሙያዎች ተቀምጠው ለአላፊ አግዳሚውም ትክክለኛውን ሰዓት ይሰጡ ነበር። ይህ አቈጣጠር በመንግሥት ሥራ የቀረው የቱርክ ሬፑብሊክ ባወጣው ሕግ በ1926 መጀመሪያ ላይ ነው።

ከምሽት የሚነሣው አቈጣጠር የእስላም አገሮች ብቻ አልነበረም። በኢጣልያ በብዙ ከተሞች እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ 24ቱ ሰዓት የሚቈጠረው ከፀሐይ መጥለቂያ አንሥቶ ነበር። በ1410 በፕራግ ከተማ የተሠራው የዐደባባይ ሰዓት ዛሬም የውጭው ቀለበቱ ይህንኑ የጥንት የቦሄሚያ አቈጣጠር ያሳያል። አውሮፓ ራሷ አንድ ዐይነት ሰዓት ሳይኖራት ብዙ ምዕተ ዓመታት እንደ ኖረች ይህ ምስክር ነው።

ልማዱ ሲሸነፍና ሲያሸንፍ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ

እንግሊዛውያን ሁሉ በአንድ ሰዓት መኖር የጀመሩትም በቅርብ ጊዜ ነው። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ እያንዳንዱ ከተማ ቀትርን የሚቈጥረው ፀሐይ በራሱ አናት ላይ ስትደርስ ነበር። ብሪስቶል ከሎንዶን በስተ ምዕራብ ስለምትገኝ ቀትሯ በ10 ደቂቃ ይዘገያል። በፈረስ ለሚጓዝ ሰው ይህ ምንም አልነበረም፤ በባቡር ለሚጓዝ ግን ባቡሩ የሚያመልጥበት ልዩነት ሆነ። ወደ ብሪስቶል የሚሄደው የባቡር ኩባንያ በ1840 የሎንዶንን ሰዓት በሐዲዱ ሁሉ ላይ አዋለ። የብሪስቶል ሰዎች ወዲያው አልታዘዙም፤ በገበያ አዳራሻቸው ላይ ያለው ሰዓት አንዱ የከተማውን፥ ሌላው የሎንዶንን ጊዜ የሚያሳዩ ሁለት የደቂቃ ጠቋሚዎች ተደረጉለት። ከተማዪቱ የሎንዶንን ሰዓት የተቀበለችው በ1852 ነው፤ ለአገሩ ሁሉ ሕግ የሆነው ግን በ1880 ነው። ሁለቱ ጠቋሚዎች ግን ዛሬም በዚያው ሰዓት ላይ ይታያሉ።

አንድ ሰዓት ለሁሉ ሲታወጅ ሰዓቱን ከምንጩ አምጥቶ የሚያከፋፍል ሰው ያስፈልጋል። በሰዓት ሠሪዎቹ ማኅበር ስብስብ ውስጥ የሚገኝ በጆን አርኖልድ የተሠራ አንድ የኪስ ሰዓት ይህን ታሪክ ይናገራል። ከግሪኒች መመልከቻ ሠራተኞች አንዱ የነበረው ጆን ሄንሪ ቤልቪል ከ1836 ጀምሮ ይህን ሰዓት በመመልከቻው እያረመ ወደ ሎንዶን ሰዓት ሠሪዎች እየወሰደ ጊዜን በክፍያ ያሳይ ነበር። እርሱ ሲሞት ሚስቱ፥ ከእርሷም በኋላ ልጁ ሩት ቤልቪል እስከ 1940 ድረስ ሥራውን ቀጠሉ። ቴሌግራፍ፥ ራዲዮና ስልክ ሰዓትን በሚናገሩበት ዘመን ሳይቀር ሰዓቱን በቦርሳዋ ይዛ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ትሄድ ነበር። ለሳይንስ ተማሪ ይህ ተራ ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ለማኅበራዊ ኑሮ መርማሪ ግን ትክክለኛ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው በእምነት የሚተላለፍ ነገር እንደ ነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ ነው።

ፈረንሳይ ተቃራኒውን ታሳያለች። የአብዮቱ መንግሥት በ1793 ቀኑ በ10 ሰዓት፥ ሰዓቱ በ100 ደቂቃ፥ ደቂቃው በ100 ሰኮንድ እንዲከፈል ዐወጀ። በዚህ አቈጣጠር ቀትር 5 ሰዓት ነው፤ አንዱ አዲስ ሰዓትም ከአሮጌው 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። ሠሪዎቹ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ገጽ ላይ የሚያሳዩ ውብ ሰዓቶችን ሠሩ። ሕጉ ግዴታ የሆነው ከሴፕቴምበር 22 ቀን 1794 ጀምሮ ነው፤ በአፕሪል 7 ቀን 1795 ግዴታው ተነሣ። የመለኪያ ሥርዐቱ ሜትርና ኪሎግራም ዓለምን ሲይዙ፥ ባለ 10ሩ ሰዓት 7 ወር እንኳ አልሞላም። ሥራውን፥ ምግቡንና ጸሎቱን በ12 ቈጥሮ የኖረ ሕዝብ ስሌቱ ስለ ቀለለ ብቻ ልማዱን አልተወም።

የኢትዮጵያ አቈጣጠር በዚህ ሚዛን ሲታይ

እነዚህን ምሳሌዎች ይዞ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ ተመራማሪ አንድ የተለመደ አነጋገር ያስደንቀዋል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከአውሮፓው «በ6 ሰዓት ይዘገያል» ይባላል። ሆኖም የዘገየ ነገር የለም፤ የመነሻው ስፍራ ተለይቷል እንጂ። አውሮፓውያን ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ሲነሡ፥ ኢትዮጵያውያን ከንጋትና ከምሽት ይነሣሉ። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት «1 ሰዓት» ይባላል፤ ቀትር 6 ሰዓት ነው፤ ሲመሽ 12 ይሞላል፥ ሌሊቱም እንደገና ከ1 ይጀምራል። ይህ ከጥንት ሮማውያንና ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀን አከፋፈል ጋራ ይዛመዳል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያት ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ ሲባሉ፥ ከእነዚህ ሠለስት የቀኑን 3ኛ፥ ተሰዓት የቀኑን 9ኛ ሰዓት የሚያመለክቱት በዚህ መነሻ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንዲሁ ከንጋት ይቈጥራሉ።

በጃፓን ሁለት ዘንግ ያስፈለገው ሰዓት በኢትዮጵያ ምንም ሳይለወጥ እንዴት ሊገባ ቻለ? መልሱ በአገሩ አቀማመጥ ላይ ነው። በሎንዶን ቀኑ በሰኔ ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ሲረዝም በታኅሣሥ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ቀኑን 12 ላይ ለሚከፍል ሰው አንዱ ክፍል ከ83 ደቂቃ ወደ 39 ደቂቃ ይወርዳል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ፥ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ቀኑ 12 ላይ ቢከፈል ክፍሉ ከ58 ደቂቃ እስከ 63 ደቂቃ ያህል ይለዋወጣል። ይህ የ5 ደቂቃ ልዩነት በጥላ ለሚቈጥር ሰው የማይሰማ ነው። ስለዚህ የጥንቱ የፀሐይ ሰዓትና የመሣሪያው እኩል ሰዓት በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ከመጀመሪያው የተቀራረቡ ነበሩ፤ መሣሪያው በመጣ ጊዜ የሚጣላው ልማድ አላገኘም።

ከዚህም በላይ የገጹ ክበብ ራሱ ለስምምነቱ ረድቷል። የገጹ ክበብ በ12 ስለ ተከፈለ የ6 ሰዓት ልዩነት ልክ ግማሽ ክበብ ነው። አጭሩ ጠቋሚ በ7 ላይ ሲያርፍ ኢትዮጵያዊው በትይዩ ያለውን 1 ያነባል፤ የጠቋሚው ጅራት ቀጥ ብሎ ቢረዝም የሚያርፈው በኢትዮጵያው ሰዓት ላይ ነው። የአገሩ ሕጋዊ ሰዓት ከግሪኒች በ3 ሙሉ ሰዓት ስለሚቀድም ረጅሙን ጠቋሚ መንካት አያስፈልግም። በሌላ በኩል ግን ይህ ሕጋዊ ሰዓት የተመሠረተው ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ በሚያልፈው በ45ኛው ዲግሪ መስመር ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ ፀሐይ በአናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከ6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ላይ ነው፤ የምትወጣውም ዓመቱን ሙሉ በ12ና በ1 ሰዓት መካከል ነው። ስለዚህ ዛሬ «12 ሰዓት» ሲባል ፀሐይ ወጣች ማለት አይደለም። ቃሉና መነሻው የጥንት ናቸው፤ ልኩ ግን የዓለም አቀፉ ስምምነት ነው። የብሪስቶል ሰዎች በሁለት ጠቋሚ ያሳዩትን፥ ኢትዮጵያውያን በአንድ ጠቋሚና በሁለት ንባብ ይዘውታል።

አገሩ መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ያለ መለኪያ የኖረ አለመሆኑም ሊታወስ ይገባል። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አንዱ ዕለት፥ ማለት ቀኑና ሌሊቱ፥ በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል። በግእዝ ብቻ ምሉእ ሆኖ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ቀንና ሌሊቱን በ18 ክፍል ያካፍላል፤ ረጅሙ ቀን 12፥ አጭሩ 6 ክፍል ነው ይላል። ይህ ልክ የኢትዮጵያ ሰማይ አይደለም፤ ጽሑፉ ከሌላ አገር እንደ መጣ ያመለክታል። ከአገሩ ኑሮ ጋራ ይበልጥ የተጠጋው ግን በብራና መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው የጥላ ሰንጠረዥ ነው፤ ሰው ቆሞ የራሱን ጥላ በራሱ እግር እየሰፈረ፥ በየወሩ ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሚሆን ያሳያል። ሰፋሪው ረጅምም ቢሆን አጭርም ቢሆን እግሩና ቁመቱ ስለሚመጣጠኑ ስሕተቱ ትንሽ ነው። መሣሪያው ሰውዬው ራሱ ስለ ሆነ በመስተዋት ሣጥን ሊቀመጥ አይችልም።

ለቤተ መዘክሮችና ለመርማሪዎች የሚቀረው ሥራ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ወደ አንድ ነገር ያደርሳል። የጃፓኑ ልማድ ምልክቱን በመሣሪያው ላይ ትቷል፤ ሁለቱን ዘንጎች ያየ ሁሉ ቀንና ሌሊት ተለይተው ይቈጠሩ እንደ ነበር ያውቃል። የቱርኩ ልማድ ቢያንስ አኃዙን ትቷል። የፈረንሳዩ ሙከራ ባለ 10ሩን ገጽ፥ የብሪስቶል ክርክር ሁለቱን ጠቋሚዎች ትቷል። የኢትዮጵያ አቈጣጠር ግን በመሣሪያው ላይ ምንም ምልክት አልተወም። አንድ አርሶ አደር ወይም ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ ያሰረው የእጅ ሰዓት ነገ ቆሞ ወደ ቤተ መዘክር ቢገባ፥ በላዩ የሚነበበው የሠሪው ስምና የተሠራበት አገር ብቻ ነው። ባለቤቱ በ7 ላይ «1» እያለ ያነብ እንደ ነበር፥ ወይም ጠቋሚዎቹን ራሱ አዙሮ ከንጋት ጋራ አስማምቶ እንደ ነበር ከዕቃው ማንም ሊያውቅ አይችልም። ልማዱ ያለው በንግግር ብቻ ነውና፥ ንግግሩ ሳይጻፍ ካለፈ ዕቃው ባለቤቱን ሳይሆን ፋብሪካውን ሲመሰክር ይኖራል።

ስለዚህ የሰዓት ስብስብ የሚያደራጅ ቤተ መዘክር ከዕቃው ጋራ አንባቢውንም መመዝገብ አለበት። በየቀበሌው የሚሄድ ተማሪ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ብዙ ናቸው። ሰዓቱን ማን አሰረ? ከምን ላይ አይቶ አስተካከለው፤ ከቤተ ክርስቲያን ደወል፥ ከመስጊድ አዛን፥ ከራዲዮ፥ ወይስ ከፀሐይ? በአውሮፕላን ትኬት ላይ የተጻፈውንና በቤት የሚነገረውን ሰዓት እንዴት ያለያያል? ሰዓት የሌለው ጎረቤቱ ቀጠሮ የሚይዘው በምን ነው? ጎሕ ሲቀድ፥ ከብት ሲሰማራ፥ ረፋድ፥ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፥ ከብት ሲገባ፥ ውድቅት የሚሉት ቃላት በዚያ ስፍራ የትኛውን ጊዜ ያመለክታሉ? ጥላውን በእግሩ መስፈር የሚችል ሽማግሌ ወይም ደብተራ አለን? ቢኖር ሰንጠረዡን ከመጽሐፍ ተማረው ወይስ ከአባቱ?

የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ጊዜ የማይሰጡ ናቸው። የመሣሪያው ታሪክ በብረትና በነሐስ ስለ ተጻፈ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊመረመር ይችላል፤ የጥላው ታሪክ ግን ጥላውን ከሚያውቀው ሰው ጋራ ያልፋል። በሎንዶን ያሉት ክፍሎች ለኢትዮጵያውያን መርማሪዎች የሚሰጡት ታላቁ ትምህርትም ይኸው ነው። የተከማቹት ሰዓቶች ብዛትና ውበት የሠሪዎቻቸውን ጥበብ ያስረዳል፤ በየሰዓቱ ፊት የቆመው ሰው ምን ብሎ እንዳነበበ የሚያስረዳው ግን ጠይቆ የጻፈ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ ብቻ ነው።